ልጁ 12ኛን ጨረሰ፤ ምን ይችላል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ከኮዬ ፈጬ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶ እስከ ጀሞ ወሬው አንድ ነው፦ «ስንት አመጣ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው እሱ ነውና። ውጤቱ የሚመልሰው ግን ይህንኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ልጁ የኮሌጅ መጽሐፍ አንብቦ ይገባዋል ወይ? የሥራ ውል ሲያቀርቡለት ምን ላይ እንደሚፈርም ያውቃል ወይ? ወረዳ ሄዶ ጉዳዩን ራሱ ይጨርሳል ወይ? ይህን ለማወቅ የትምህርት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሦስት ወረቀት ይበቃል፦ አንድ ገጽ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ፣ አንድ የደመወዝ ስሌት፣ አንድ ማመልከቻ። ከወረቀቶቹ በፊት ግን ቁጥሩን እንፍታው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ቁጥሩ ሲፈታ

ፈተናው ከ600 ይታሰባል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ይጋራና በቀሩት ፈንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይወስዳል። ማለፊያው 50 በመቶ፣ ማለትም 300 ነው። ጥያቄዎቹ ባለ አራት አማራጭ ምርጫ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄውን ሳያነብ አንዲት ፊደል ብቻ ከላይ እስከ ታች ያጠቆረ ተማሪ እንኳ በአማካይ ከአራት አንዱን ያገኛል። ይህ 25 በመቶ ነው፤ ከ600 ሲሆን 150። ምንም የማያውቅ ልጅ የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ150 ነው ማለት ነው። በ60 ጥያቄ እንየው። ልጁ 20ውን አውቆ ሠራ፣ የቀሩትን 40 ገመተ እንበል። ከ40ው ሩቡ፣ 10 ያህሉ ይገጥምለታል። 20 እና 10 ሠላሳ፤ ግማሽ፤ አለፈ። ስለዚህ ማለፊያ ነጥብ ሲጨመቅ ከሦስት ጥያቄ አንዱን በእርግጠኝነት ማወቅ ነው።

ከ2014 እስከ 2016 በነበሩት ፈተናዎች አገር አቀፉ አማካይ ከ30 በመቶ በታች ነበር። 30 በመቶ ከ60 ጥያቄ 18 ነው። 4ቱን ያወቀና 56ቱን የገመተ ልጅ በአማካይ ያንኑ 18 ያገኛል። በእርግጥ ተማሪ እንዲህ ጨለማ ውስጥ አይገምትም፤ በከፊል የገባው ጥያቄ ላይ ሁለቱን አማራጭ ጥሎ ከሁለቱ ይመርጣል። ሆኖም ስሌቱ አንድ ነገር ያሳያል፤ ችግሩ «ትንሽ ቀረው» የሚባል ዓይነት አይደለም። 12ኛ ክፍል ላይ በሦስት ወር ቱቶሪያል የሚሞላ ጉድጓድም አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት ዓመትን ከዓመት ማወዳደር ላይ ይመጣል። የ2014 ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ከ896,520 ተማሪ ግማሽና በላይ ያመጣው 29,909 ነበር፤ 3.3 በመቶ። ከዚያ በፊት ፈተናው የሚሰጠው በየአካባቢው ትምህርት ቤት ነበር፤ ኩረጃውም የፈተና ስርቆቱም የታወቀ ነው። መግቢያ ነጥቡ ደግሞ በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ ይወሰን ስለነበር ከግማሽ በታች ያመጣም ይገባ ነበር። «ድሮ ስንቱ ያልፍ ነበር፣ ዘንድሮ ምን ነካቸው?» የሚለው ንግግር በሁለት የተለያየ ሜትር የመለካት ጉዳይ ነው።

በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኝ 48,929 አለፈ፤ 8.4 በመቶ። መሻሻል አለ፤ ያለፈው ልጅ ቁጥር በ19 ሺህ ጨምሯል። ተፈታኙ ግን በ310 ሺህ ቀንሷል። የ2017ቱን አላፊዎች በ2014ቱ የተፈታኝ ብዛት ብናካፍላቸው 5.5 በመቶ ነው የሚመጣው። በመቶኛው ላይ ከታየው ጭማሪ ከግማሽ የሚበልጠው የመጣው አካፋዩ ስላነሰ ነው።

ይኸው ዘዴ ለትምህርት ቤት ምርጫም ይሠራል። በር ላይ የተሰቀለው ባነር አንዲት ጎበዝ ተማሪ 560 ማምጣቷን ይነግርዎታል። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነው፦ ስንት ተፈተኑ? ስንት አለፉ? እነዚያው ልጆች 11ኛ ክፍል ሲጀምሩ ስንት ነበሩ? ሦስተኛውን ጥያቄ ሰው አያነሳውም። 11ኛ ክፍል 80 የነበረው 12ኛ ላይ 45 ከሆነ፣ የጎደሉት 35 ልጆች የት ሄዱ?

አንደኛው ወረቀት፦ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ

ከባዮሎጂ ወይም ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ልጁ ገና ያልተማረውን አንድ ገጽ ይክፈቱ። 300 ቃል ያህል ይበቃል። እርሳስ ይዞ ያንብብ፣ የማያውቀውን ቃል ያስምርበት። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው በአምስት ዓረፍተ ነገር ይንገርዎት። እንግሊዝኛ ባይችሉም ግድ የለም፤ የሚነግርዎት ነገር መያያዝ አለመያያዙን ማንም ያውቃል።

ከ300 ቃል የተሰመረበት ከ15 ከበለጠ፣ ማለትም ከ20 ቃል አንዱ ከጠፋው፣ ያን ገጽ ብቻውን ተምሮ ሊረዳው አይችልም፤ ችግሩ የቃላት ነው። የተሰመረው ጥቂት ሆኖ መተረክ ካቃተው ግን ችግሩ ማያያዣዎቹ ላይ ነው። «ቢሆንም»፣ «ካልሆነ በስተቀር»፣ «በአንጻሩ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት አጫጭር ስለሆኑ ማንም አያሰምርባቸውም፤ የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም የሚገለብጡት ግን እነሱ ናቸው። ፈተናውም የሚያጠምደው በእነሱ ነው። በደንብ ተርኮ ፈተና ላይ የሚወድቅ ደግሞ አለ፤ እሱ የሚያስፈልገው ሰዓት ይዞ መለማመድ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ነው።

ይህ ክፍተት እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት አንድ ክፍለ ጊዜ መመልከት ይበቃል። መምህሩ በአማርኛ ያብራራል፣ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ተማሪው ኖቱን ይገለብጣል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ልጁ ሐሳቡን በአማርኛ ይዞታል፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ ሸምድዶታል፤ ሁለቱን ያገናኘለት ግን የለም። መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያስተምር ግን ግማሹ ክፍል ምንም ሳይሰማ ይወጣል፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ዳር ከተማ ላይ አንድ ተጨማሪ ውስብስብ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ሥር ያለ ትምህርት ቤት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። መንገዱን ተሻግሮ በሸገር ከተማ በአፋን ኦሮሞ የተማረው ልጅ ወደ እንግሊዝኛ የሚገባው 9ኛ ላይ ነው። ቤተሰብ ቤት ሲቀይር፣ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው፣ ኪራይ ሲወደድበት፣ ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። 9ኛ ክፍል ላይ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች በማስተማሪያ ቋንቋው የሁለት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ፈተናቸው ግን አንድ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ስህተት አይደለም፤ ጽንሰ ሐሳቡን አጥብቆ የሚያሲዘው እሱ ነው። የጎደለው መሸጋገሪያው ነው።

መሸጋገሪያውን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ጊዜው የ9ኛ ክፍል መጀመሪያ መንፈቅ ነው። በቀን 10 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ16 ሳምንት፤ 800 ቃል ይሆናል። ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን በማግስቱ ከሚማረው ምዕራፍ ይውጣ፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ይጻፍ። ቃሉን ብቻ ከፍቺው ጋር የጻፈ ልጅ ቅዳሜ ሲጠየቅ ግማሹን ረስቶታል።

አሁን ደግሞ ወላጅን የሚያደናግረው ነገር፦ ካርዱ 85፣ ማትሪኩ 38። የካርዱ ነጥብ የሚጠራቀመው ከፈተና ብቻ አይደለም፤ ከቤት ሥራ፣ ከክላስ ወርክ፣ ደብተር ከማሟላት፣ ከግሩፕ ወርክ ጭምር ነው። ስድስት ልጅ ያለበት ግሩፕ ወርክ ላይ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ስድስቱም ከ10 ዘጠኝ ያገኛሉ። ደብተር ያሟላ አምስት ነጥብ ያገኛል፤ መገልበጥ ነው። ለማጣራት ካርዱን ይተዉና የፋይናል ፈተናውን ወረቀት ብቻውን ይጠይቁ። በፋይናል ከግማሽ በታች እያመጣ በካርድ 80 የሚያገኝ ልጅ 12ኛ ላይ የሚደርስበትን ከ9ኛ ጀምሮ ማወቅ ይቻላል።

ስለ ላብ ብዙ ይባላል፤ ሒሳቡን የሚሠራው ግን ጥቂት ነው። ክፍሉ 60 ተማሪ፣ ላቡ አምስት ጠረጴዛ ያለው ይሁን፤ አንድ ጠረጴዛ ለ12 ልጅ ነው። ከ40 ደቂቃው 5 ለመግባት፣ 10 ለማብራራት፣ 5 ለማጽዳት ሲሄድ 20 ይቀራል። ለ12 ሲካፈል ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ዕቃ የተሟላለት ላብ እንኳ በዚህ አሠራር ሁለት ልጅ ይሠራል፣ አሥር ያያል። ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ በተለያየ ቀን ማስገባት ከአዲስ ማይክሮስኮፕ ይበልጣል። አንዳንዱ ሙከራ ደግሞ ላብ አያስፈልገውም፦ ከርከዴ አፍልቶ በሁለት ብርጭቆ ማድረግ፣ በአንዱ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ በሌላው የጠለለ የአመድ ውሃ። ሎሚው ያለበት ደምቆ ይቀላል፣ አመዱ ያለበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። አሲድና ቤዝ እሱ ነው፤ ጥያቄው ፈተና ላይ ሲመጣ ልጁ የሚያስታውሰው ብርጭቆውን ነው።

ከ50 በታች ያመጡት ላይ በሩ ሁሉ አይዘጋም። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ በሚያወጣው ነጥብ የተሻሉት ለሪሚዲያል (ለማካካሻ ትምህርት) ወደ ዩኒቨርሲቲ ይጠራሉ፤ ያን ካለፉ ፍሬሽማን ይሆናሉ። ቢገቡም ግን የተሸከሙት የንባብ ችግር አብሯቸው ይገባል፤ ከ2015 ጀምሮ መጨረሻው ላይ የመውጫ ፈተና አለ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ከመንግሥት ተቋማት ወደ 62 በመቶ፣ ከግሎቹ ወደ 17 በመቶ ነው ያለፈው። ከግል ኮሌጅ ጋር ከመዋዋል በፊት ፈቃዱን ማየት ያስፈልጋል። ዕውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው፤ መሀል ከተማ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ሰፈርዎ የከፈተው ቅርንጫፍ ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ወረቀት፦ የደመወዝ ስሌት

ለልጁ ይህን ይስጡት፦ «የወር ደመወዝ 5,000 ብር ነው። እጅህ ላይ ስንት ይደርሳል?» ከሐምሌ 2017 ወዲህ ባለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይከፈልበታል፤ ከዚያ በላይ እያደገ 35 በመቶ ይደርሳል። ከሠራተኛው የሚቆረጠው ጡረታ 7 በመቶ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው 2,000 ነጻ ነው። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር። የቀረው 1,000 በ20 በመቶ 200 ብር። ግብሩ 500። ጡረታው ከሙሉው 5,000 ላይ 350። እጁ ላይ የሚደርሰው 4,150 ብር ነው።

12ኛ የጨረሰ ብዙ ልጅ የሚሠራው ግን ሌላ ነው፤ «5,000 በሦስተኛው እርከን ውስጥ ነው፣ ስለዚህ 20 በመቶ» ብሎ 1,000 ብር ይቆርጣል። በመቶኛ ማባዛት አልተሳነውም፤ ዴሪቬቲቭ ሠርቶ የመጣ ልጅ ነው። የተሳነው ሠንጠረዡን ማንበብ ነው፦ «ከዚህ እስከዚህ ያለው» የሚለው የሚመለከተው ያንን ቁራጭ ብቻ መሆኑን። ክፍል ውስጥ ጥያቄው ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ቁጥሩ ይሰጠዋል፣ ቀመሩ ምዕራፉ ላይ አለ። ሥራ ላይ ጥያቄውን የሚያወጣው ራሱ ነው።

ሌላ ምሳሌ፣ ግንባታ በማይቆምበት በእኛ ዳር፦ 4 ሜትር በ3 ሜትር ግድግዳ፣ 90 ሴንቲ በ2.10 በር አለው፤ 40 በ20 የሆነ ስንት ብሎኬት ይበላል? ግድግዳው 12 ካሬ፣ በሩ 1.89፣ ቀሪው 10.11 ካሬ። አንድ ካሬ 12.5 ብሎኬት ይወስዳል፤ 127 ይመጣል፤ ለስብራት አምስት በመቶ ሲጨመር 133 ገደማ። በሩን መቀነስ የረሳ ልጅ 150 ይላል፣ ስብራቱን የረሳ ደግሞ ሥራውን መሀል ላይ ያቆማል። ቦሌ ለሚ ወይም ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ የሚቀጠረውም ከሴንቲሜትርና ከኢንች ጋር እንዲህ ነው የሚጋፈጠው።

ከስሌቱ ቀጥሎ ውሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ አሥር ሳምንት ነው። «ስድስት ወር ሙከራ ነህ» ያለው አሠሪ ሕጉን አላነበበም፣ ወይም ልጁ እንደማያነብ ያውቃል። መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ቀን ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል። 12ኛን ጨርሶ 18 ያልሞላው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ትርፍ ሰዓትም የሌሊት ሥራም አይፈቀድለትም። ይህን የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ ሳምንታዊ ፕሮግራሙ ላይ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ልጅ ማረፊያ ተደርጎ መታየቱ ትልቅ ጉዳት አድርሷል። ሥልጠናው አብዛኛው በተግባር መሆን ያለበት ነው። ይህን ለማረጋገጥ በሥራ ቀን ሄደው ወርክሾፑን ይዩት፦ ስንት ማሽን ይሠራል፣ ስንት ሠልጣኝ ቆሞ ያያል? ብየዳ የሚሠለጥን ልጅ እጁ ላይ ጠባሳ፣ ልብሱ ላይ የፍንጣሪ ቀዳዳ ከሌለው እየተማረ ያለው ከሰሌዳ ነው። መጨረሻ ላይ የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ስላለ፣ ያ ልጅ እዚያ ላይ ይቆማል።

ሦስተኛው ወረቀት፦ ማመልከቻ

የዜግነት ትምህርት ክፍል ውስጥ ይሰጣል፤ ከ600ው ውስጥ ግን የለበትም። 12ኛ ላይ የፈተና ወር ሲቃረብ የሚታጠፈው መጀመሪያ እሱ መሆኑ አያስገርምም። የቀረውን ለማየት ልጁን ለወረዳው አንድ ማመልከቻ ያስጽፉት፤ የመንገድ መብራት ጠፍቷል፣ ይጠገንልን የሚል።

መኖር ያለበት ይህ ነው፦ ቀን፣ የሚጻፍለት ጽሕፈት ቤት፣ «ጉዳዩ» የሚል አንድ መስመር፣ ችግሩ የት ቦታና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚጠይቅ፣ ስም፣ ፊርማና ስልክ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ልጁ ችግሩን በሁለት ገጽ ይተርክና የሚፈልገውን ሳይጠይቅ «ከሠላምታ ጋር» ይላል። ሁለት ኮፒ ይዞ መሄድ፣ መዝገብ ቤት አስገብቶ በራሱ ኮፒ ላይ ቁጥርና ቀን ማስመታት፣ ሲመለስ ያንን ቁጥር መጥራት፤ «ነገ ና» ከሚለው መልስ የሚያድነው ይኸው ቁጥር ነው።

አዲስ ሰፈር ለገባ ቤተሰብ ሌላም አለ። ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል፤ ከድሮ ወረዳው መሸኛ ሳያመጣ የቆየ ወጣት ይህን የሚያውቀው ምዝገባ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው።

እዚሁ ላይ እያሉ የልጁን ስም ይመልከቱ፤ በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፍኬቱ፣ በፋይዳው እና በ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፏል? አንዱ ላይ በአንድ «s»፣ ሌላው ላይ በሁለት ሆኖ የሚመጣ ብዙ ነው። ፈተና ምዝገባው ሳይዘጋ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ያስተካክለዋል። ሰርተፍኬት ከታተመ በኋላ ግን ጉዳዩ ከትምህርት ቤቱ እጅ ይወጣል፤ ልጁም ያቺን ማመልከቻ በእውነት የሚጽፍበት ቀን ይመጣል።